የደንገል በር ሴቶች የመረጡ ዕለት

ጀልባዋ ከባሕር ዳር ወደብ ተነጥላ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ስታዞር ሸሪፋ ወደ ኋላ አልተመለከተችም። ከተማ አድራ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ከምርጫ ሰዎች ጋር ዕቃ ስትረከብ ስለቆየች ዓይኗ ቀልቷል። ቢሆንም ደስ ብሏታል። ደረቷ ላይ «የሕዝብ ታዛቢ» የሚል ባጅ ተንጠልጥሏል። ባሏ ቡርሀን ከኋላ ሞተሩን ይዞ፣ «ዛሬስ ባለሥልጣን ጭኛለሁ፤ ቀስ ብዬ ልንዳ» እያለ ይቀልድባታል።

ግንቦት ሰባት ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነው። ጣና ገና አልነቃም፤ ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም ብሏል። ቡርሀን እንዲህ ያለውን ዝምታ አይወድም። ጠዋት እንዲህ የተኛ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ አመሉ ክፉ ነው ይላል፤ የሚለውም ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ከባልና ሚስቱ ሌላ ጀልባዋ ላይ አራት ሰዎች ነበሩ። የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ መምህር አዘዘ ከወሎ ተዛውሮ ባሕር ዳር ሲያስተምር የኖረ፣ ልጆች ያሉት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። አጠገቡ ቃለ ሕይወት የምትባል የኮሌጅ ተማሪ የቀለም ብልቃጥ እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ሥራዋ፣ ድምፅ የሰጠ ሰው ተመልሶ እንዳይሰጥ አውራ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም መቀባት ነው። አንድ ፖሊስ የድምፅ መስጫውን ሳጥን ተደግፎ ያንቀላፋል። ከፊት፣ ኮቱን እንደ ቆለፈ የተቀመጠው አቶ ምሥጋና ነው፤ የመንግሥት ፓርቲው ዕጩ ወኪል። ኖኪያ ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ኔትዎርክ ይፈልጋል። ለሁሉም ሰው ፈገግ ይላል። ሸሪፋ ከፈገግታው ይልቅ ቢቆጣ ትመርጥ ነበር።

የሚሄዱባት መንደር ደንገል በር ትባላለች። በየብስ በዘንዘልማ በኩል ዞሮ ለሚመጣ ሰው ጭቃው አያደርስም፤ በውሃ ግን ቅርብ ናት። ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሙስሊሞች ይኖሩባታል። ያለፈው ክረምት እንደወጣ ከከተማ የመጡ ሰዎች በሜትር ለክተው፣ ራሱ ቀይ የተቀባ ችካል ከመስጊዱ ደጅ እስከ ታንኳ ማቆሚያው ድረስ ተክለው ሄዱ። መዝናኛ ይሠራበታል ተባለ። እናንተስ የት ትገባላችሁ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የመሬት ደብተር የሌለው ሰው ከነልጆቹ ቢነቀል የሚጮኽለት ቢገኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምርጫ ክልሉን ወክሎ በክልሉ ምክር ቤት የሚቀመጠው። ዘንድሮ ለዚያ ወንበር የሸሪፋ ታናሽ ወንድም ሙኽታር በግሉ ቀርቧል። ምልክቱ ፋኖስ ነው።

ወንበሩ የራሱ ታሪክ አለው፤ ደንገል በር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ቀዛፊ እንጂ ተቀማጭ ሆና አታውቅም። በጃንሆይ ዘመን ባለ ርስቱን በታንኳ አሻግረው፣ መርጠው፣ መልሰው አሻግረውታል። በደርግ ጊዜ ለሸንጎ ሲመረጥ ሦስት ሥዕል ቀርቦላቸው ዝሆኑን ምረጡ ተባሉ፤ ለምን ዝሆኑን ብሎ የጠየቀው ሰው ለብቻው ስብሰባ ተጠራ። በ1987 የቀረበው አንድ ሰው ነበር፤ በ1992ም ያው ሰው ተመልሶ መጣ፤ ያን ጊዜ ኮት ጨምሯል። በመካከሉ የወሰኑ መሥመር እየተዛወረ መንደሯን አንዴ ከከተማው፣ አንዴ ከገበሬው ጋር ደርቧታል። የመንደሩ አሮጊት እማ ዘህራ፣ «ሦስት መንግሥት መርጫለሁ፤ እኔን የመረጠኝ ግን የለም» ይላሉ። ዘንድሮ የከተማው ጫፍ ወደ ሙኽታር፣ የደጋው ገበሬ ወደ መንግሥት ፓርቲው ዕጩ አድልቶ ሚዛኑ እኩል ሆኗል። የሚደፋው የደንገል በር ድምፅ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አቶ ምሥጋናም ያውቃል።

«እትዬ ሸሪፋ፣» አለች ቃለ ሕይወት በድንገት፣ «ከየት መርጠሽ ነው የመጣሽው?»

«ምን አልሽ?»

«አውራ ጣትሽን እኮ ነው።»

ሸሪፋ ጣቷን አየች። ጥፍሩ ከነሥጋው ጠቁሯል። ሳቀች። «እረ ይኸ እንሶስላ ነው! ኀሙስ ለት እኅቴን ሚስራን ዳርሁ። ራሴ ወቅጬ፣ ራሴ ሞቅሁ፣ የመንደሩን ሴትም ሁሉ...»

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። አቶ ምሥጋና ስልኩን አውርዶ ዞሯል። ፈገግታው ሰፍቷል።

ሠርጉን ወደ ምርጫው ሳምንት ያስጠጋችው ራሷ ሸሪፋ ነበረች። ዓሣ ሲሸሽ የመንደሩ ሰው ቤተሰቡን ይዞ እስከ ጎርጎራ ይበተናል፤ ሠርግ ካለ ግን የትም አይሄድም። ይህን አስባ የሙሽራውን አባት ለምና ቀኑን አስለወጠች። ሚስራም ወደ ባሏ ቤት ወደ ባሕር ዳር የምትሻገረው በመንደሯ ድምፅ ከሰጠች በኋላ፣ ሰኞ እንዲሆን አስማማች። ብልሃቷ ሠመረ፤ ከመንደሩ የጎደለ ሰው የለም። ሴቱ ሁሉም ለሠርጉ እንሶስላ ሞቋል። ሥሩን ወቅጣ በየቤቱ ያደለችው፣ ይጥቆር ብላ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ደጋግሞ እንዲያድር ያዘዘችው እሷው ናት። ያን ሁሉ ሲሠሩ ስለ ምርጫው ቀለም ያነሣ ሰው አልነበረም። ማን ያስበዋል? እንሶስላ የሌለበት ሠርግ አይተው አያውቁም።

ዳርቻው ሲቀርብ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሳጥኑን ለመቀበል ወጥተው እጃቸውን ያውለበልቡ ጀመር። እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ጥቁር ነበር። ሸሪፋ የራሷን አውራ ጣት መዳፏ ውስጥ ጨበጠች።

ምርጫው የተካሄደው በመንደሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ የወንድና የሴት ሰልፍ ተያዘ። ወንዶቹ እየገቡ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምልክት እያደረጉ፣ ጣታቸውን እየተቀቡ ወጡ። ከሴቶቹ መጀመሪያ የገቡት እማ ዘህራ ነበሩ። ካርዳቸውን ለመምህር አዘዘ ሲሰጡ አቶ ምሥጋና ከወንበሩ ተነሣ።

«ይቅርታ መምህር። መመሪያው ግልጽ ነው። ጣቱ ላይ ቀለም የተገኘበት ሰው እንደመረጠ ይቆጠራል።»

«እንሶስላ እኮ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል» አለች ሸሪፋ።

«እኔማ አውቃለሁ እኅቴ። ግን አንዷ ወጥታ፣ ሻሿን ለውጣ፣ በሌላ ሰው ካርድ ብትመለስ በምን ትለዪያታለሽ? እኔ የምጨነቀው ለእናንተ ነው። ነገ ድምፃችሁ ቢሰረዝስ?»

«ልጄ፣» አሉ እማ ዘህራ፣ «ያለ ምርኩዝ ደጄን የማልሻገር ሰው ሁለት ጊዜ ልመርጥ? አንዱንም በስንት መከራ ደረስሁ!»

ሰልፉ ሳቀ። መምህር አዘዘ አልሳቀም። ላቡን ጠርጎ፣ የምርጫ ቢሮውን ሊጠይቅ የአቶ ምሥጋናን ስልክ ተውሶ ወደ ጉብታው ወጣ፤ ኔትዎርክ አላገኘም፤ ተመለሰ። «የሴቶቹ ትንሽ ይቆይ፤ የወንዶቹን እንጨርስ» አለ። ማንንም ሳያይ ነው የተናገረው። ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

ከአፍታ በኋላ የሴቶቹ ሰልፍ መሳሳት ጀመረ። ሸሪፋ ተስፋ ቆርጠው ወደየቤታቸው የሄዱ መስሏት ወጣች። አልሄዱም። ሐይቁ ዳር ተንበርክከው ጣታቸውን በአሸዋ ይፈትጋሉ። አንዷ አመድ አምጥታለች፣ አንዷ ሎሚ። ሚስራ የሙሽራ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ አውራ ጣቷን ድንጋይ ላይ ታሻለች፤ ቆዳው ተገሽልጦ ይደማል፣ ጥፍሩ ግን እንደጠቆረ ነው።

«ተይ!» አለቻት ሸሪፋ እጇን ይዛ። «ተይ እኅቴ፣ በቃሽ!»

«ሊለቅ ነው እኮ፤ እይው፣ እዚህ ጋ ነጣ ብሏል።»

ነጣ ያለ ነገር የለም። ሸሪፋ ዕንባዋ መጣ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ያን እንሶስላ የቀባቻት በዘፈን ነበር።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ ሁለተኛዋ የሕዝብ ታዛቢ የሺአረግ በሩ ላይ ቆማለች። የሺአረግ ከደጋው የመጣች ክርስቲያን ገበሬ ናት። እንደ ደጋው ሰው ሁሉ በደንገል በር ዕቃ አትጠጣም፤ ውሃዋን በፕላስቲክ ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው። ሸሪፋ ከእሷ ብዙም አልጠበቀችም። የሺአረግ ግን ነጠላዋን ገልጣ እጇን አሳየቻት። ጣቶቿ ጫፋቸው ቀይ ነው፤ የምርጫው ቀለም ያጠቆረው አውራ ጣቷን ብቻ ነው።

«ለፋሲካ ሞቄው ነው» አለች ዝቅ ብላ። «እኔ ጧት በሰፈሬ መርጬ ስመጣ ማንም ምንድን ነው ያለኝ የለም። ይኸ ግፍ ነው። ለመምህሩ ልነግረው ነው።»

ነገረችውም። መምህር አዘዘ ራሱን ያዘ። ክርክር ሲነሣ ኃላፊውና ሁለቱ የሕዝብ ታዛቢዎች ተመካክረው፣ በቃለ ጉባኤ ፈርመው እንደሚወስኑ ያውቃል። የማያውቀው ከፈረመ በኋላ ምን እንደሚመጣበት ነው። ባለፈው ምርጫ የተከራከረ አንድ የሥራ ባልደረባው ወደ በረሃ ወረዳ ተዛውሯል።

«ሌላ ቦታ ቢቀቡስ?» አለች ቃለ ሕይወት። «መዳፋቸውን?»

መዳፋቸውም ጥቁር ነው። እግራቸውም እስከ ቁርጭምጭሚት። ይኸኔ እማ ዘህራ፣ ከበሩ ሳይርቁ ተቀምጠው የቆዩት፣ «ጆሮዬን ቀቡኝ!» አሉ። «እንሶስላ ያልደረሰበት ቦታ እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። አፍንጫዬንም ከፈለጋችሁ አለላችሁ!»

ለቀልድ ነው ያሉት። መምህር አዘዘ ግን ቀና አለ። «ሥልጠናው ላይ፣ ጣት ለሌለው ሰው ሌላ የሚታይ የሰውነት ክፍል ይቀባል ተብለናል» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉን ሞላ።

«የሚታይ ነው የሚለው» አለ አቶ ምሥጋና፤ «የእነዚህ ሴቶች ጆሮ በሻሽ ሥር ነው። እየገለጡ ሊያሳዩን ነው?»

የደንገል በር ሴት ለባዕድ ወንድ ፀጉሯን ገልጣ አታውቅም፤ አቶ ምሥጋናም ይህን አውቆ ነው የጠየቀው። ከዚያ ለሸሪፋ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጨመረ። «ፈርሚና ይቀቡ። እኔ ተቃውሞዬን ጽፌ እወጣለሁ። ያን ጊዜ የሚሰረዘው የሴቶቹ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ጣቢያው በሙሉ ነው፤ ወንዶቹም አብረው። ድጋሚ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ በዚህ በአንድ ፖሊስ አይሆንም። አስቢበት እኅቴ። ልጆች አሉሽ።»

ሙኽታር የደረሰው ነፋሱ ሲነሣ ነው። ከዘንዘልማ በኩል ያን ጭቃ በእግሩ ተሻግሮ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ ከጣቢያው ራቅ ብሎ ሾላው ሥር ቆሞ አስጠራት። ከዘመቻው በፊት ወፍራም ነበር፤ አሁን ሸሚዙ ሰፍቶታል።

«ሰምቻለሁ» አላት። «እቴ፣ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ይግቡ።»

«ምን አልህ?»

«ወንዶቹ መርጠዋል። የከተማው ሲደመርበት ይበቃናል፤ ለጥቂትም ቢሆን ይበቃናል። በሴቶቹ ምክንያት ጣቢያው ከተሰረዘ ሁሉም ነገር አለቀ። የሚሹት ሰበብ ነው፤ ሰበብ አንስጣቸው።»

«ይበቃናል ያለህ ማን ነው?»

«አስልተነዋል።»

«እኛንስ ስንት ብላችሁ ነው ያሰላችሁን?» አለች ሸሪፋ። ንዴቷ ከየት እንደ መጣ አላወቀችም። «ወንዶቹ ቀን ቀን ሐይቅ ላይ ናቸው። ከዚያ ችካል ጋር ተፋጠን የምንውለው እኛ ነን። ለካኞቹ ሲመጡ ደጅ ላይ ያገኙት እኛን ነው። ሚስራ ጣቷን በድንጋይ ፍቃ አድምታዋለች፤ ሂድና ቤት ግቢ በላት። አንተ ንገራት፤ እኔ አልነግራትም።»

ሙኽታር ወደ ሐይቁ ዳር አየ። እኅቱ የደማ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ቆማለች። አልሄደም።

«ከተሰረዘስ?» አለ በመጨረሻ።

«አላውቅም።»

እውነቷን ነው፤ አታውቅም። ወንድሟ ሊሳሳት እንደሚችል እንጂ ተሳስቷል ለማለት አልደፈረችም። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሴቶቹ ዝም ብለው ቤታቸው ቢገቡ፣ ነገ ያ ወንበር የደንገል በር ሊሆን ይችላል። ግን ሁለተኛ ጊዜ፣ ሦስተኛ ጊዜ፣ በተመረጠ ቁጥር አንድ ሰው መጥቶ ሴቶቹ ይግቡ ይላል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜም ከባድ ይሆናል። ሸሪፋ ይህን አስባ ፈራች፤ መፈረሙ ከሚያስፈራት በላይ ፈራችው።

«ነገ ጧት ባሕር ዳር ወደብ ላይ ጠብቀኝ» አለችው። «ሳጥኑን ይዤ እመጣለሁ።»

«እጠብቅሻለሁ። ወላሂ እጠብቅሻለሁ» አላት። እጇን ጨበጣት፤ እጁ ይቀዘቅዛል።

ሸሪፋ ፈረመች። የሺአረግ ቀጥላ ፈረመች። መምህር አዘዘ እስክሪብቶውን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ከዚያ ፈርሞ፣ ወንዶች ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጡ አዘዘ፣ እሱም አብሯቸው ወጣ። ቃለ ሕይወትና የሺአረግ ነጠላ ዘርግተው ጥግ ላይ መጋረጃ ሠሩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ገብተው መረጡ፤ ሻሻቸውን ከግራ ጆሯቸው ላይ ገለጡ፤ ቃለ ሕይወት የጆሯቸውን ጫፍ ቀባች። እማ ዘህራ ሲቀቡ፣ «ጉትቻ ካወለቅሁ ስንት ዘመኔ፤ ዛሬ መንግሥት ጉትቻ ሰጠኝ» አሉ። ሴቶቹ እየሳቁ ወጡ። ሚስራ ስትወጣ ሸሪፋን ጉንጯን ሳመቻት። ሸሪፋም በመጨረሻ ገብታ መረጠች፤ ቀለሙ ጆሮዋ ላይ ቀዘቀዛት።

ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ማዕበሉ ታንኳ ማቆሚያውን እየደበደበ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ ነፋሱ እያንኳኳ፣ ቆጠራው በፋኖስ ብርሃን ተካሄደ። ሲያልቅ መስጊዱ ላይ አዛን ተሰማ። ሙኽታር ከተጠበቀው በላይ በልጧል። መምህር አዘዘ ውጤቱን ጽፎ በሩ ላይ ሲለጥፍ የመንደሩ ሰው አላጨበጨበም። ቆሞ አነበበ፤ የማያነበው እንዲነበብለት አደረገ። አቶ ምሥጋና አልፈረመም። ተቃውሞውን በሦስት ገጽ ጽፎ፣ አጥፎ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ሲጽፍ ጆሮ የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ይደጋግመው ነበር፤ ሸሪፋ ሰምታዋለች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ጀልባ አብረው ተነሡ። በፊተኛው ሳጥኑና የጣቢያው ሰዎች፣ በኋለኛው ሚስራን ወደ ባሏ ቤት የሚሸኙ ሴቶች። እማ ዘህራም ሙሽራ ሳልሸኝ አልቀርም ብለው ተጭነዋል። ሴቶቹ እየዘፈኑ ነው የሄዱት። ዘፈኑ ከጀልባ ወደ ጀልባ ይሰማል፤ ቃለ ሕይወትም ባታውቀውም ታጨበጭባለች። ሸሪፋ ግን ወደቡን ነበር የምታየው። የወንድሟን ሸሚዝ እየፈለገች።

ሙኽታር የለም። እሱ ሊጠብቃት በሚገባው ቦታ ታርጋ የሌለው ፒክአፕ ቆሟል። አጠገቡ ሁለት ፖሊሶችና ሲቪል የለበሱ ሦስት ሰዎች አሉ። ጀልባዋ ገና ሳትታሰር አቶ ምሥጋና ዘሎ ወረደ፤ እጁን እንደ ወዳጅ ትከሻቸው ላይ አድርጎ ሲያናግራቸው ቆየ። ከዚያ ወደ ሸሪፋ ተመለሰ።

«ወንድምሽ ቀድሞናል» አላት። «በሌሊት ነው የሄደው። አጃቢ አለው፤ አታስቢ።»

ሸሪፋ መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት ሁለተኛይቱ ጀልባ ወደቡን ነካች። ሴቶቹ እልል እያሉ ሚስራን ደግፈው አወረዷት። ሲቪል ከለበሱት አንዱ፣ መነጽር ያደረገው፣ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«በየተራ። ማንም አይለፍ። የግራ ጆሮ እናያለን።»

በዚያ ወደብ ላይ ያን ጠዋት አውራ ጣቱ ያልጠቆረ ሰው አልነበረም። ጀልባ ነጂው፣ ዓሣ ነጋዴዋ፣ ፖሊሶቹ፣ ሰውየው ራሱ ጣታቸው ቀለም ነክቷል፤ ማንም ከማን አይለይም። በአገሩ ሁሉ ጆሯቸው ላይ ቀለም ያለባቸው ግን የደንገል በር ሴቶች ብቻ ነበሩ። ሸሪፋ ይህ የገባት አሁን ነው። ምልክት ያደረገችባቸው ራሷ ናት፤ ፈርማ፣ በገዛ ዓይኗ እያየች።

«ምን አድርገው ነው?» አለች ወደ መነጽራሙ ሰውዬ እየሮጠች። «ምን አደረጉ? የመረጡ ሴቶች ናቸው!»

«ሁለት ጊዜ መርጠዋል የሚል አቤቱታ ቀርቦባቸዋል። እናጣራለን። አንቺ ማነሽ?»

ባጇን አየ። አቶ ምሥጋና ጣልቃ ገባ። «እሷ ታዛቢ ናት፤ ከሳጥኑ ጋር ትሂድ። የሚነካት የለም።» የተናገረው በትሕትና ነበር።

ሳጥኑ ፒክአፑ ላይ ተጭኗል። የሺአረግ ከጎኑ ወጥታ ተቀምጣ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ሸሪፋን ትጠብቃለች። መምህር አዘዘ ሸሪፋን ክንዷን ያዛት። «ሁለታችሁም ካልታያችሁ አይረከቡንም» አላት በሹክሹክታ። «አንቺ እዚህ ከቀረሽ ይኸ ሳጥን ተራ ሳጥን ነው። ምን ላድርግ ሸሪፋ? አንቺ ወስኝ።»

ቡርሀን ጀልባውን ጥሎ ሴቶቹ መሐል ደርሷል። አንዱ ፖሊስ በዱላው ደረቱን ገፍቶ አቁሞታል። ሚስራ ዓይኗን አፍጥጣ ታላቅ እኅቷን ታያለች። የባሏ ሰዎች ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል፤ የሚቀርብ የለም።

«ሚስራን ትቼ አልሄድም» አለች ሸሪፋ። «አልችልም። ሙሽራ ናት እኮ!»

«ሂጅ!» አሉ እማ ዘህራ። ምርኩዛቸውን ሲሚንቶው ላይ መቱት። «ምን ያቆምሻል? ሙሽራዋን እኔ ይዣታለሁ። ሂጅ ነው የምልሽ፤ ይኸን ሁሉ የሆንን ሳጥኑ ብቻውን እንዲሄድ ነው?»

መምህር አዘዘ ሸሪፋን ደግፎ መኪናው ላይ አወጣት። የሺአረግ እጇን ያዘቻት፤ አጥብቃ ያዘቻት። ከዚያ ያን ከቤቷ ያመጣችውን የውሃ ፕላስቲክ ከፍታ ሰጠቻት፤ ሸሪፋ ጠጥታ ስትመልስላት ሳትጠርገው እሷም ጠጣች።

ሞተሩ ሲነሣ ሸሪፋ ዞራ አየች። እማ ዘህራ ሻሻቸውን ሊፈቱ ሲሉ ሚስራ እጃቸውን ይዛ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ አንድ ርምጃ ወደ ፊት ወጣች፣ የሙሽራ ሻሿን በዚያ በደማ ጣቷ ፈታች፣ ጆሮዋንም ለሰውየው አዞረችለት።